«ድምፅ እስኪያሰማ ተዉት»

ከዝግጅት ክፍላችን አባላት የአንዱ የሆነችውን፣ እኛም በየአጋጣሚው የምንሳፈርባትን አሮጌ ቪትዝ ይዘን በአንድ የክረምት ቀን ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ብለን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ የፍሬን ሸራ ማስቀየር ነበር። መካኒኩ የፊተኛውን ቀኝ ጎማ ሲፈታ የቸርኬው የውስጥ ገጽታ በጥቁር ግራሶ ተረጭቶ አየን። ጎንበስ ብለን ስንመለከት ጎማውን ከካምቢዮው ጋር በሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው፣ እጥፋት እጥፋት ያለው የጎማ ሽፋን ጣት በሚያስገባ ስፋት ተቀድዷል። «ይህስ?» ብለን ጠየቅን። መካኒኩ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ «ድምፅ ያሰማል?» ሲል ጥያቄያችንን በጥያቄ መለሰ። አያሰማም። «እንግዲያው ድምፅ እስኪያሰማ ተዉት» አለን።

ተውነው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ መሪውን ሙሉ በሙሉ ጠምዝዘን ነዳጅ ስንሰጥ ከፊት በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሰን ስንሄድ ግን የተነገረን ሽፋኑን ስለ መቀየር አልነበረም። በውስጡ የነበረው የብረት መገጣጠሚያ፣ ማለትም ሲቪ ጆይንቱ፣ ተበልቶ አልቋልና ሙሉው እንዲቀየር ታዘዝን። የከፈልነውም ገንዘብ ሽፋኑን በጊዜው ብናስቀይረው ኖሮ ከምናወጣው ብዙ እጥፍ ሆነ።

ይህን የምንጽፈው መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም። ያ ምክር የአንድ ሰው ስሕተት ቢሆን ኖሮ ለአንባብያን ባልተረፈ። ከዚያ ወዲህ ባለ መኪና የሆኑ መምህራንንና ሾፌሮችን ስንጠይቅ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ምክር ሰምተው ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውም ለሌላ ሰው መክረውበታል። ምክሩ ከንቱ ልማድ ብቻ አለመሆኑንም እናምናለን። ጥሩ መካኒክ በጆሮው ይሠራል፤ የኩሽኔታን ማለቅ፣ የሞተርን መታፈን፣ የፍሬንን መሳሳት ከድምፅ ይለያል። ይህ በብዙ ዓመት ልምድ የተገኘ ትልቅ ዕውቀት ነው። የእኛ ክርክር ግን ይህ ዕውቀት በአንድ ቦታ ላይ ያታልላል የሚል ነው። በሲቪ ጆይንት ጉዳይ ድምፁ የሚመጣው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነውና ጆሮ ዘግይቶ የደረሰ ምስክር ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዕቃውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የፊት ጎማዎቿ በሞተር የሚነዱ መኪና፣ ለምሳሌ ቪትዝና ያሪስን የመሰለች፣ በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ሥራ ትጭናለች። ጎማው ከካምቢዮው የሚመጣውን ጠምዛዥ ኃይል ተቀብሎ መሽከርከር አለበት፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ በጉድጓድ ላይም ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል አለበት። ስለሆነም ኃይሉን የሚያደርሰው ዘንግ እየዞረ መታጠፍ የሚችል መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። ለዚህ ችግር ጥንታዊው መፍትሔ የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የስፕሪንግ ሕጉን የተማርንለት ሮበርት ሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው በመሆኑ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት የከተማችን ሚኒባስ ታክሲዎች የሚነዱት በኋላ ጎማ ስለሆነ ከሥራቸው ያለው ረጅም ዘንግ ይህንኑ መገጣጠሚያ ይጠቀማል።

የሁክ መገጣጠሚያ ግን አንድ ጠባይ አለው። የሚያስገባው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚያስወጣው ዘንግ በእኩል ፍጥነት አይዞርም። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው እንበል። የመጀመሪያው ዘንግ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር የሁለተኛው ፍጥነት በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ 866 ይወርድና ሁለት ጊዜ ወደ 1155 ይወጣል። (የ30 ዲግሪን ኮሳይን የሚያስታውስ ተማሪ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ወዲያው ይገባዋል፤ አንደኛው ሲባዛ፣ ሌላው ሲካፈል ነው።) በታክሲው ረጅም ዘንግ ላይ ማዕዘኑ ጥቂት ዲግሪ በመሆኑና ሁለት መገጣጠሚያዎች አንዱ የሌላውን ስሕተት እንዲያርም ተደርገው ስለሚገጠሙ ጉዳት የለውም። መሪው ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ማዕዘኑ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት የፊት ጎማ ላይ ግን መኪናዋ በየዙሩ በተንገጫገጨች ነበር።

እንቆቅልሹን ከፈቱት ሰዎች መካከል አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ያወጣው ንድፍ ዛሬም በአብዛኞቹ የፊት ጎማዎች ውጫዊ ጫፍ ላይ የምናገኘው ነው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ በውስጠኛውና በውጨኛው ክፍል ላይ በተቀረጹ ጠማማ ቦዮች ውስጥ ይሄዳሉ፤ አንድ ቀለበትም በመሀል ይዟቸዋል። የንድፉ ብልሃት ዘንጎቹ ምንም ያህል ቢታጠፉ ስድስቱ ኳሶች ሁልጊዜ የሁለቱን ዘንጎች ማዕዘን እኩል ለሁለት በሚከፍል ጠለል ላይ እንዲገኙ ማድረጉ ነው። ለኳሱ ሁለቱም ዘንጎች እንደ መስተዋት ምስል ናቸውና አንደኛው ከሌላው ፈጥኖም ዘግይቶም ሊዞር አይችልም። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው፤ «ሲቪ» ማለት የማይለዋወጥ ፍጥነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ ለገበያ የቀረበችው ትንሿ ሚኒ ይህን መገጣጠሚያ ይዛ ከወጣች በኋላ በፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ዓለምን ሞሉ።

ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ ታዲያ የሚኖረው በአንዲት የጎማ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቷ የአንጥረኛ ወናፍ ትመስላለች፤ አንዱ አፏ መገጣጠሚያውን፣ ሌላው አፏ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ሥራዋ ሁለት ነው፤ ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውኃና አቧራም እንዳይገባ መከልከል። ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የምትሠራውን ያህል የሚሠራ የመኪና አካል ጥቂት ነው። በትንሽ መኪና ላይ የተለመደ ጎማ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.83 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር 546 ገደማ፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 5.5 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ዘንጉ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ጥቂት ማዕዘን ስላለው በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ጊዜ ይለጠጣል፣ አንድ ጊዜ ይጨማደዳል። መሪው ተጠምዝዞ ሲነዳ መለጠጡም መጨማደዱም ይብሳል።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተሰማራን ጎማ የሚገድለው ድካም ብቻ አይደለም። የተፈጥሮ ጎማና ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ጎማዎች በረጃጅም ሰንሰለቶቻቸው ላይ የካርቦን ድርብ ቦንዶች አሏቸው። በአየር ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኘው ኦዞን እነዚህን ቦንዶች ፈልጎ ይቆርጣል። ጎማው ዘና ብሎ ከተቀመጠ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም፤ ተለጥጦ ሲገኝ ግን የተቆረጠው ሰንሰለት ወደየጎኑ ስለሚሸሽ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ኦዞንም ወደ ጥልቁ ይገባል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የገንዘብ መጠቅለያ ላስቲክ ለጥጣችሁ በሰሌዳ ላይ እሰሩና ደጅ ላይ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት ተዉት። ስንጥቆቹ የሚወጡት ከመለጠጡ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው። የመኪናው ሽፋን የሚቀደደውም በዚያው መንገድ፣ በእጥፋቱ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ሽፋኖቹ ከተራ ጎማ የማይሠሩት። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1930 በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ከተገኘው ኒዮፕሪን ይሠራሉ፤ በሰንሰለቱ ላይ የተቀመጠው ክሎሪን ድርብ ቦንዱን ከኦዞን በመጠኑ ይከላከልለታል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ጠንከር ያሉ የፕላስቲክ ጎማዎች ተተክተዋል። ቢሆንም የትኛውም ዘላለማዊ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለች መኪና በመርከብ ወደ እኛ ስትመጣ ሽፋኗም ዕድሜዋን ይዞ ይመጣል።

ሽፋኑ ከተቀደደ በኋላ የሚሆነው ነገር ፈጣን ነው። መኪናዋ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከዘንጉ መሀል 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሽፋኑ ግድግዳ ላይ ያለ ግራሶ በዚህ ፍጥነት ወደ ውጭ የሚወረወርበት ግፊት ከመሬት ስበት 24 እጥፍ ገደማ ነው። የማሽከርከር ፊዚክስን የተማረ ሁሉ ሊያሰላው ይችላል። ቀዳዳ ያገኘ ግራሶ እንግዲህ አይቆይም፤ በቸርኬው ላይ ያየነው ጥቁር ርጭት ይኸው ነው። ጥቁረቱ የቆሻሻ ብቻ አይደለም። ለሲቪ ጆይንት የሚሠራው ግራሶ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተባለ ማዕድን ይጨመርበታል። ይህ ማዕድን እንደ እርሳስ ግራፋይት በሥሥ ንጣፎች የተደራረበ ስለሆነ ኳስና ቦይ በከፍተኛ ጫና ሲገናኙ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ብረት ብረትን እንዳይነካ ያደርጋሉ። በማንኛውም ሱቅ የሚገኝ ተራ ግራሶ ይህን አይተካም።

ግራሶው በወጣበት በር ደግሞ መንገዱ ይገባል። በክረምት ጭቃና ውኃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ከአቧራው ውስጥ ጎጂው ኳርትዝ ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ የሚቀመጥ ማዕድን በመሆኑ ለኳስና ለቦይ ከሚጠነክረው ብረት ጋር ይፎካከራል። ከተረፈው ግራሶ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ሞረድ ነው። ሕንፃ በሚገነባበትና መንገድ በሚቆፈርበት ሰፈር የሚነዳ ሰው ይህን ሞረድ በየቀኑ በነጻ እየሞላ ይሄዳል ማለት ነው።

ሞረዱ ቦዩን በእኩል አይበላም። መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ ኳሶቹ በቦዩ መካከል አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳሉ፤ እዚያ ላይም ትንሽ ጎድጓዳ ይቆፍራሉ። ቀጥ ብላ እስከሄደች ድረስ ኳሶቹ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ተደላድለው ስለሚኖሩ ድምፅ የለም። መሪው ተጠምዝዞ ኃይል ሲጫን ግን ኳሱ ከጉድጓዱ አፍ ወጥቶ በቦዩ ላይ ረጅም መንገድ መሄድና መመለስ ይገደዳል፤ የጉድጓዱን ከንፈር ባለፈ ቁጥርም ቀጭ ይላል። እንግዲህ ድምፁ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ሽፋኑ ተቀድዷል የሚል መልእክት አይደለም፤ በቦዩ ላይ ብረት ጎድሏል የሚል ነው። የጎደለን ብረት ደግሞ አዲስ ግራሶም አዲስ ሽፋንም አይመልሰውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ባለ መኪና የለም። ችግሩ ይህ ቃጠሎ ጭስ የሌለው መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍትንና መመሪያዎችን ያነበቡ ወዳጆቻችን ሽፋን መቀየር ኋላ ቀር ሥራ ነው፣ ዘንጉን ከነመገጣጠሚያው አውጥቶ ሙሉውን መተካት ይሻላል ብለው ተከራክረውናል። የመካኒክ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ከፋብሪካ ታድሶ ከሚሸጥ ዘንግ ዋጋ ጋር በሚቀራረብበት አገር ክርክሩ ትክክል ነው፤ ዘንጉን ነቅሎ ሽፋን መቀየርም ሆነ ሙሉውን መተካት የሚወስደው ጊዜ ብዙም አይለያይምና። በእኛ አገር ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። እጅ አለን፤ የሌለን የውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጣ መለዋወጫ የገዛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ ለእኛ ሽፋኑን ብቻ መቀየር የድህነት መላ ሳይሆን ትክክለኛው ምሕንድስና ነው እንላለን፤ ይህ የሚሆነው ግን ቅዳዱ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተገኘ ብቻ ነው።

ሥራው ረጅም ቢሆንም ምሥጢር የለውም። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ ከክሪኩ ሌላ ጽኑ ድጋፍ ከሥሯ ገብቶ፣ ጎማው ይወልቃል፤ የመሀሉ ትልቁ ዳዶ ይፈታል፤ ዘንጉም ይወጣል። አሮጌው ሽፋን ተቆርጦ ይጣላል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በብዙ ቦታ ሲዘለል ያየነው ደረጃ ነው፤ መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ መታጠብ አለበት። በአሮጌው ግራሶ ላይ አዲስ ግራሶ ጨምሮ መዝጋት አሸዋውን ከነቤቱ ማሸግ ነው። በላምባ ወይም በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ኳሶቹ አንድ በአንድ፣ ቦዮቹም በብርሃን መታየት አለባቸው። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ሽፋን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ንጹሕ ከሆነ ግን ከሽፋኑ ጋር የሚመጣው ግራሶ በኳሶቹ መካከል እስኪገባ ተሞልቶ፣ ሽፋኑ በሁለቱም አፉ በብረት ማሰሪያ ይጠበቃል። በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ክር ማሰር የተለመደ ነው፤ እኛም በአንድ ወቅት አድርገነዋል። ሽቦው ጎማውን ቆረጠው። ዳዶው ደግሞ በፋብሪካው ልክ መጥበቅ አለበት፤ የጎማው ኩሽኔታ ጤና በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ቅዳዱን በሙጫ ስለ መለጠፍ ደጋግመን ተጠይቀናል። ሙጫ በግራሶ በራሰ ጎማ ላይ አይይዝም፤ ቢይዝ እንኳ በኪሎ ሜትር 546 ጊዜ ከሚለጠጥ እጥፋት ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ዘንጉ ሳይነቀል እንዲለበሱ ተብለው በጎናቸው የተሰነጠቁና የሚጣበቁ ሽፋኖችም አሉ። ፍጹም በደረቀና በጸዳ ቦታ ከተገጠሙ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤት መድረሻ ይሆናሉ፤ ከዚያ ያለፈ እምነት ግን አንጥልባቸውም። ዋነኛው ጉድለታቸውም መገጣጠሚያውን አውጥቶ ለማጠብ ዕድል አለመስጠታቸው ነው። መገጣጠሚያው ካለቀ ደግሞ ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ወርዶ ያገለገለ መግዛት የብዙዎቻችን ዕጣ ነው። ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው እጅ ወደየአቅጣጫው አጥፉት፤ በመንገዱ ላይ የሚንቋቋ ወይም በአንድ ቦታ የሚረግጥ ከሆነ የሌላውን ሰው ጉድጓድ ልትገዙ ነው።

ገንዘቡን ትተን ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። የሚጮህ ጆይንት ብዙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ እየጮኸ ይሄዳል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በመጨረሻ ከተሰበረ ግን ውጤቱ በአንድ ጎማ አይወሰንም። ዲፈረንሻል ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ሁለቱም እስከተቃወሙት ድረስ ነው፤ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ ነጻ ከሆነ ኃይሉ በዚያ በኩል በከንቱ ይዞራልና መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ ትቆማለች። ከዚህ የከፋውን ብዙ አሽከርካሪ አያውቀውም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላትን መኪና «ፒ» ላይ ማድረግ የሚቆልፈው ጎማዎቹን ሳይሆን ካምቢዮውን ነው። ዘንጉ ከተሰበረ ቁልፉ መኪናዋን አይዝም። ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ይህ የደረሰበት ሰው ያለው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የማይጠቀም ስንት ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ የአሮጌ መኪና ጣጣ ነው፣ በቅርቡ ያልፋል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የሞተር ዘይት የላቸውም፤ ሻማ የላቸውም፤ ሲቪ ጆይንትና የጎማ ሽፋን ግን አላቸው። እንዲያውም የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጠምዛዥ ኃይሉን ከቆመበት ጀምሮ ስለሚሰጥ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ቀላል አይደለም። የዘይት ቅያሪ ስለሌላቸው ደግሞ በየጊዜው ከሥራቸው ገብቶ የሚያያቸው ሰው ይቀንሳል።

የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጎማ በተፈታ ቁጥር፣ ለቀዳዳም ይሁን ለፍሬን፣ ባለ መኪናው ሽፋኑን ይመልከት፤ እጥፋቱን በእጁ ከፍቶ ሸለቆውን ይይ። ጥቁር ርጭት ካለበት ወይም ስንጥቅ ከጀመረ በዚያው ሳምንት ያስቀይር። መካኒኩም ደንበኛው ስለ ፍሬን ቢመጣም ያየውን ይንገረው።

ከቪትዟ የወጣውን አሮጌ ጆይንት አልጣልነውም። አጥበን፣ ለሁለት ለያይተን በዝግጅት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል። ስድስቱ ቦዮች መሀል ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ አለች፤ ዓይን ባያያት ጣት ያገኛታል። ሊዳስሳት የሚፈልግ ተማሪ በሥራ ሰዓት ይምጣ።